ድሮናችንን የት እናብርር?

ከጥፋቴ ልጀምር።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ አዳማ ላይ ሰርግና ምርቃት እየቀረጸ የሚኖር ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ መልካ ወረር መጣ። ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ድሮን ይዟል። ክብደቷ ሩብ ኪሎ ስኳር አይሞላም፤ ስትታጠፍ ጃኬት ኪስ ትገባለች። ከማን እንደገዛት አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። በማግስቱ ገና በጠዋቱ ወደ አዋሽ ዳር ወረድን። ወረር ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሰው ራሱ ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳትበር ተብሎ የተሠራች ድሮን ደግሞ ለእኛ አገር ሙቀት ገና ልጅ ናት።

አስነሳት። እኔ ስልኩን ይዤ ማየት ጀመርኩ። ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ ወንዙ እንደዚያ እንደሚጠማዘዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። በአንድ በኩል የጥጥ ማሳው በመስመር በመስመር ተሰልፏል፣ በሌላ በኩል ፕሮሶፒሱ እንደ ጥቁር ምንጣፍ ተነጥፏል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት እርሻ ከላይ ሲታይ አንድ ደብተር ያክላል። በጣም ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም።

ፍየሎቹን ያየናቸው ዘግይተን ነው። ድምፁን ሲሰሙ በአንዴ ተበተኑ፣ ግማሾቹ ፕሮሶፒሱ ውስጥ ገቡ። እሾሁን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የምትጠብቃቸው አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እየጮኸች ተከተለቻቸው፤ እኛም አብረን ስንሮጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጊሌያቸውን ታጥቀዋል፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ይቆጡናል ብዬ ስጠብቅ ሰላምታ ሰጥተውን ተቀመጡ፤ እኛም እንድንቀመጥ አደረጉ። በሰባራ አፋርኛዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ፍየሎቹ አልነበረም። የማን ነው? ማን ላከው? ከየት መጣ? ምን አየ?

አፋር አካባቢ ያላደጋችሁ አንባቢዎች ይህ ምርመራ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም፣ ዳጉ ነው። አፋር ምድር ላይ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ የት ግጭት አለ፣ ማን ታመመ። ያየኸውን ሳትናገር ማለፍ ነውር ነው፤ የሰማኸውን ማጣመምም እንዲሁ። ስልክ ሳይገባ በፊትም ወሬ በሁለት ቀን ውስጥ ሩቅ አገር ይደርስ የነበረው በዚህ ነው። ሽማግሌው ያሉትን እንዳልረሳ ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ «ይህ ነገራችሁ ከላይ ሆኖ ሁሉን አየ፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ።»

ሁለተኛው ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ታኅሣሥ ላይ ባሰበት። ከእኛ ብዙም የማይርቀው ዶፈን ተራራ ሥር መሬቱ ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ መትፋት ጀመረ። ከዱለቻና ከአዋሽ ፈንታሌ ወረዳዎች ብዙ ሰው ከቤቱ ወጣ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የነበረው በመለኪያው ከ5 ነጥብ 5 በላይ ነበር፤ የካቲት 7 ደግሞ 6 የሚጠጋ መጣ። እኛም ግቢ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን ነበር የምናድረው። እናቴ ከቤት ዕቃ ለማምጣት ስትገባ እንኳ በሩን ይዤ እቆም ነበር።

ያኔ ጎረቤታችን፣ ትራክተር የሚነዳ ሰው፣ «ያ የጓደኛህ ነገር ተራራው ጋ ያለውን መንገድ ማየት አይችልም?» አለኝ። ዘመዶቹ በዚያ በኩል ናቸው። ጓደኛዬን ደወልኩለት፣ ሳያቅማማ መጣ። በዚህኛው ዙር ግን እንደ ሰው ፈቃድ እንጠይቅ ብለን ወሰንን። አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፤ «ይህ እኛን አይመለከትም» ተባልን። ሌላኛው «ደብዳቤ አምጡ» አለን። ከማን? «ከሚመለከተው»። የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ሁለት ቀን ዞርን። አንዱ ቢሮ በር ላይ ጥበቃው ጋሼ አዝነውልን፣ «ልጆቼ፣ ዝም ብላችሁ ብታበሩት ማን ያያችኋል?» ብለው በጆሯችን ምክር ሰጡን። አላበረርነውም። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ወደ አዳማ ተመለሰ። የተሰነጠቀውን መሬት በመጨረሻ ያየነው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በስልኩ ቀርጾት በቴሌግራም ሲዞር ነው።

እኔና ጓደኛዬ የጂኦሎጂ ባለሙያ አይደለንም። የእኛ ቪዲዮ የሰው ሕይወት ያድን ነበር ልል አልችልም። ግን ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ማብረር ባልነበረብኝ ቀን ማንም አልከለከለኝም። ማብረር በነበረብኝ ቀን ደግሞ የሚፈቅድልኝ ጠፋ። በአሁኑ አሠራራችን ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። ያለ አብራሪ የሚበር ነገር በሌላ አገር ሰማይ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይበር የሚለው ደንብ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንቀጽ 8 ላይ አለ። ኢትዮጵያም ያኔ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ዛሬ ሰማዩን የሚቆጣጠረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትና ለመጠቀም ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ የምንለው፣ ይሁንታ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይዞ የሚወርድ መንገደኛ ድሮኑ ጉምሩክ ይቀርበታል፤ ቱሪስት ከሆነ ሲመለስ ይወስዳል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለመቅረጽ በላዩ ላይ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድና ክፍያ አለ።

ስለዚህ «አዋሽ ፓርክ ሄጄ ፏፏቴውን በድሮን ልቅረጽ?» ብላችሁ በመልእክት ለምትጠይቁኝ፣ መልሱ አጭር ነው። ያለ ፈቃድ አይቻልም። ሃላይደጊም አይቻልም፣ ያንጉዲ ራሳም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ከብዙ ድሮን ወዳጆች ጋር የምለያይበትን ልናገር። ፓርኩ መዘጋቱ ልክ ነው። አዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት የተሰጠው 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙ ሊመስል ይችላል፤ ግን መሐሉን አውራ ጎዳና ሰንጥቆት ያልፋል፣ ግጦሽ ፍለጋ የሚገባው ከብትም ብዙ ነው። ሳላው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው የሚኖርበት። ከእኛ በስተምሥራቅ ያለው ሃላይደጊ ሜዳ ደግሞ የግሬቪ የሜዳ አህያ በዓለም ላይ በስተሰሜን ጫፍ የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን የለም። ወደ ሰመራ መንገድ ላይ ያለው ያንጉዲ ራሳ የተከለለው ለአፍሪካ የዱር አህያ ሲባል ነው፤ እሱም ከምድር ለመጥፋት በቋፍ ላይ ካሉት ውስጥ ይቆጠራል። እኔ ለሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ብዬ እነዚህን በሃምሳ ዲግሪ በሚነድ ሜዳ ላይ ላስሮጣቸው? የምን ላይክ ነው ይህን የሚያካክስ?

«እንስሳቱ እኮ አይደነግጡም፣ ቀና ብለውም አያዩትም» የሚሉኝ አሉ። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተመራማሪዎች የዱር ድቦች ላይ የልብ ምት መለኪያ አስገብተው በላያቸው ድሮን አበረሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። አብዛኞቹ ድቦች ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ልባቸው ግን በኃይል ይመታ ነበር፣ አንዷ ላይ ከተለመደው በደቂቃ ከመቶ ምት በላይ ጨምሯል። ዝም ያለ እንስሳ አልፈራም ማለት አይደለም። በዚያው አገር ዛየን ፓርክ ውስጥ አንድ ድሮን የዱር በጎችን መንጋ በትኖ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ለይቷቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2014፣ የፓርኮቹ አስተዳደር በሁሉም ብሔራዊ ፓርኮች ድሮን ከለከለ። ድሮን እንደ ልብ የሚሸጥበት አገር ይህን ካደረገ፣ እኛ ለጥቂት መቶ የሜዳ አህዮች ስንል ብንከለክል ኋላ ቀር አያሰኘንም።

ሌሎችም ዝግ መሆን ያለባቸው ቦታዎች አሉ፣ አልከራከርባቸውም። ሰመራ የሱልጣን አሊሚራህ ሐንፍሬ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፣ አዋሽ አርባ ያለው የጦር ሠፈር፣ ሰዎች የሚታጠቡበት ፍል ውኃና ወንዝ ዳር፣ የሰው ግቢ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ፍርሃቱ አለ። ለእኔና ለእናንተ ድሮን ማለት ካሜራ ሊሆን ይችላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ውስጥ ላለፈ ሰው ግን ቃሉ ሌላ ነው። አፋር ራሱ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በግጦሽና በወሰን የሚነሳው ግጭትም ገና አልበረደም፤ ሃላይደጊም ያለው በዚያው ቀጠና ነው። እዚያ አንድ ከብት ጠባቂ በላዩ ላይ የሚንዛዛ ነገር ሲያይ ሰርግ ቀራጭ ነው ብሎ እንዲያስብ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሽማግሌው «ማን ላከው?» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ የመንግሥትን የደህንነት ሥጋት ከአዲስ አበባ ካፌ ቁጭ ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ወረር ላይ ሆኖ ግን አይቀልም።

ታዲያ ፓርኩ ይዘጋ፣ ካምፑ ይዘጋ፣ መንደሩ ይዘጋ ካልን የቀረው ክፍት ነው? አይደለም፤ ችግሩም እዚህ ጋ ይጀምራል። የቀረውም በዝምታ ዝግ ነው። «እዚህ ጋ፣ እስከዚህ ከፍታ፣ በዚህ ሰዓት ይቻላል» የሚል አንድም ካርታ እስካሁን አላየሁም።

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፣ ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ነገር ለማድረግ ከዕቃው ዋጋ ሌላ የምትከፍሉት አለ፦ የምትመላለሱበት፣ የምትጠብቁበት፣ የምትጠይቁበት ዋጋ። የግብይት ወጪ ይሉታል። ወረር ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለአሥር ደቂቃ በረራ ፈቃድ ልጠይቅ ብል የሁለት ቀን ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ አለ፤ ያውም ምላሹ «ነገ ተመለስ» ካልሆነ። ትልቅ ፊልም ሠሪ ድርጅት ይህን ወጪ ከበጀቱ ይከፍላል። ሊሰልል የመጣ ሰውም ወጪው አይገደውም፣ ደግሞስ ፈቃድ መች ይጠይቃል? የሚቀረው መሐል ላይ ያለው ታማኝ ወጣት ነው። ወይ ይተወዋል፣ ወይ የጥበቃውን ጋሼ ምክር ይሰማል። እንዲህ ያለ ክልከላ ጥንቁቁን ከሜዳ አስወጥቶ ሜዳውን ለግድየለሹ ይለቅለታል። ገበያውም እንዲሁ ነው፤ ድሮን ከእጅ ወደ እጅ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምዝገባ ይሸጣል። መንግሥት ማን ምን እንዳለው ማወቅ ከፈለገ፣ ሰው ራሱ መጥቶ «እኔ አለኝ» የሚልበት ምክንያት መስጠት አለበት።

ማላዊ ከእኛ የበለጠ ሀብታም አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2017 መንግሥቷና ዩኒሴፍ ካሱንጉ አካባቢ 40 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ሰማይ ለድሮን ሙከራ ከለሉ። አገሩን በሙሉ አልከፈቱም፤ አንድ ቦታ ለይተው እዚህ ጋ ሞክሩ አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሎንግዌ ላይ የድሮንና የዳታ አካዳሚ ተከፍቶ ወጣቶች መማር ጀመሩ። ህንድም ጥብቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021 ደንቧን ቀይራ ሰማይዋን በካርታ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀባችው። አረንጓዴ ውስጥ እስከ 120 ሜትር ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ይበራል፣ ቢጫው ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቀዩ የመንግሥት ነው። ህንድ የደህንነት ሥጋት የሌለባት አገር ናት የሚል ካለ ከፓኪስታን ጋር ያላትን ድንበር ይመልከት።

እኛም በ2017 ዓ.ም. ስካይዊን የሚባል የድሮን ፋብሪካ ተመርቆልናል። ጥሩ። ግን የሚያበርና የሚጠግነው ልጅ ልምምዱን የት ነው የሚያደርገው? መኪና ፋብሪካ ከፍቶ መንገድ እንደመከልከል ይሆናል።

የወረርን ጉዳይ በተጨባጭ ልናገር። ከድሮው የመንግሥት እርሻ ፕሮሶፒስ የዋጠው፣ ሰው የማይኖርበት፣ ከብትም የማይገባበት መሬት ሞልቶናል። አሚባራ ወረዳ ከዚያ ላይ አንድ ቁራጭ ይምረጥ፤ ሲቪል አቪዬሽንና ኢንሳ መጥተው ይዩት፣ ይለኩት። ሩብ ኪሎ የማይሞላ ድሮን ብቻ። ከ120 ሜትር በላይ አይወጣም፣ ከዓይን አይርቅም። ከንጋት እስከ ሦስት ሰዓት። ባለቤቱ በፋይዳ መታወቂያው ይመዝገብ፣ የድሮኑን ቁጥር ያስመዝግብ። ጥፋት ካጠፋ ይቀጣ፣ እኔንም ጨምሮ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዴልሂም ከሊሎንግዌም አንቀዳም፣ እዚሁ አለን። ማንም ከማብረሩ ከአንድ ቀን በፊት ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይናገር፦ ነገ ጠዋት፣ እዚህ ጋ፣ እኔ እገሌ፣ ይህን ላይ ነው። ሲጨርስም ያየውን ያሳይ። የተቀረጸውን በስልክ ቁጭ ብሎ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ወረር ላይ ያ ወሬ እስከ ማታ ሃላይደጊ ይደርሳል፤ የቴሌን አጭር መልእክት መጠበቅ አያስፈልግም።

ጥቅሙ ለቪዲዮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ያለው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ቆላ ላይ በመስኖ የሚበቅል ስንዴ ያወጣ ነው፤ ከዝርያዎቹ «ፈንታሌ» እና «አሚባራ» የሚባሉ አሉ። ማሳው የት ጋ ውኃ እንዳልደረሰው፣ ጨው የት እንደወጣ፣ ፕሮሶፒስ በዓመት ምን ያህል እንደገፋ ከላይ በአንድ ጠዋት ይታያል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአሚባራና በሌሎች ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅል፣ የትኛው መንደር ተከቧል የሚለውን ለማወቅ ቀናት ፈጅቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሜን በኩል ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ አፍዴራ ላይ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ድረስ ሲሄድ መጀመሪያ ያየነው የአካባቢው ሰዎች በስልክ የቀረጹትን ነው። ይህ ምድር እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ገናም ይንቀሳቀሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ወረዳው «ልጆች፣ ያንን ነገራችሁን አምጡ» ብሎ የሚደውልለት የተመዘገበ፣ የተለማመደ ወጣት ቢኖረው ምን ይጎዳዋል?

ይህን ሐሳብ ደብዳቤ አድርጌ በአማርኛ ጽፌዋለሁ፣ አንድ ጓደኛዬ ወደ አፋርኛ እየመለሰልኝ ነው። ሁለት ገጽ ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ወረዳው ጋ ይዤ እገባለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ወንዝ ዳር ወርጄ ሽማግሌውን ማግኘት እፈልጋለሁ፣ የሚጨምሩት አይጠፋም። የአዳማው ጓደኛዬ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ድሮኗ ከመሳቢያ ከወጣች ቆይታለች፤ ከሦስቱ ባትሪዎች አንዱ ማበጥ ጀምሯል።